መንገዱ ሲታቀድ የት ነበርን?

በአሽቀሎን ባቡር ጣቢያ ለተሰበሰቡ ቤተሰቦች የተደረገ ንግግር



ቀደም ብላችሁ እንድትመጡ የጠራናችሁ፣ ባቡሩ እስኪደርስ ድረስ ስለ ምን እንደምንሄድ እዚሁ ጣቢያው ደጃፍ ላይ እንድንነጋገር ነው። ጉዞአችን ሩቅ አይደለም፤ አንድ ጣቢያ ብቻ ነው። አሽዶድ ዓድ ሃሎም ላይ ወርደን ናሐል ላኪሽ የሚባለውን ወንዝና በላዩ የሚያልፉትን ድልድዮች እናያለን። «ድልድይ ለማየት ደግሞ ሰው ይሰበሰባል ወይ?» ብላችሁ የሳቃችሁ እንዳላችሁ ሰምተናል፤ አልተቀየምንም። እኛ መምህራንን በማሠልጠን ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ግን አንድ ልማድ አለን፤ ተማሪ በዓይኑ ያየውንና በእግሩ የረገጠውን ነገር አይረሳም እንላለን። ስለዚህ የዛሬው ትምህርት ቤታችን ባቡርና ወንዝ ነው።

ነገሩን ከራሳችን እንጀምር። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንጠራለን። በ1996 ጃንዋሪ ወር፣ የለገስነው ደም ሳይነገረን ሲጣል እንደኖረ በተሰማ ጊዜ፣ ኢየሩሳሌም በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት በሺሕ የምንቆጠር ሆነን ቆምን። በ2015 ቴል አቪቭ ላይ የአያሎንን አውራ ጎዳና ዘጋን። በ2019 ጁላይ መጀመሪያ ላይ ደግሞ በአገሩ ዳር እስከ ዳር መስቀለኛ መንገዶችን ዘጋን። እዚህ ከቆማችሁት መካከል ብዙዎቻችሁ በዚያ ነበራችሁ።

እንግዲህ መንገድ መዝጋት እናውቃለን። ዛሬ የምንጠይቃችሁ ጥያቄ ግን ሌላ ነው። እነዚያ የዘጋናቸው መንገዶች ሲታቀዱ የት ነበርን? ድልድዩ በዚህ በኩል ይሁን በዚያ፣ የእግረኛ መሄጃ ይኑረው ወይስ አይኑረው፣ የክረምቱ ውሃ ወደ ማን ሰፈር ይሂድ ተብሎ ሲመከር፣ ከእኛ ወገን በዚያ ክፍል ውስጥ ማን ተቀምጦ ነበር? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። ጩኸታችን ትክክል ነበር፤ የሚያስፈልግበት ቀን ሲመጣም እንጮኻለን። ነገር ግን ይህ አገር ጅቡ ሳይመጣ የሚነገርበት ሌላ በር ደግሞ አለው። ያ በር ለጥቂት ቀናት ተከፍቶ ይዘጋል። የዛሬው ንግግራችን ስለዚያ በር ነው።

ወንዝና ድልድይ ለእኛ እንግዳ አይደሉም

ሽማግሌዎቻችን እንደሚመሰክሩት በኢትዮጵያ የነበሩት መንደሮቻችን አብዛኞቹ ወንዝ አጠገብ የተሠሩ ነበሩ። እናቶቻችን ለመንጻት የሚወርዱት ወደ ወንዝ ነበር። ስለዚህ ከላይ ማን ከብት እንደሚያጠጣ፣ ከታች ማን ልብስ እንደሚያጥብ፣ ክረምት ሲገባ ውሃው የት ድረስ እንደሚወጣ የማያውቅ መንደር አልነበረም። ወንዝ በበጋ ጠጠር ብቻ ቢመስልም በክረምት መሬቱን ተመልሶ ይወስዳል። ይህን ለማወቅ አባቶቻችን መሐንዲስ መሆን አላስፈለጋቸውም።

ወደዚህ አገር የመጣነውም ወንዝ እየተሻገርን ነው። በ1984 በሱዳን በኩል ከወጡት መካከል ተከዜን በእግራቸው የተሻገሩ ዛሬ በመካከላችን አሉ። በ1990 እና በ1991 ከጎንደር ወደ አዲስ አበባ የተጓዝነው ደግሞ አባይን ሁለት ጊዜ ተሻግረናል፤ አንዴ ባሕር ዳር ላይ፣ አንዴ በአባይ በረሃ ቁልቁለት ታች። ልጆች ነበርን፤ አውቶቡሱ ድልድዩ ላይ ሲወጣ ትልልቆቹ ሁሉ ዝም ማለታቸው ትዝ ይለናል። ከዚያ በኋላ በሜይ 24 እና 25 ቀን 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከመጣነው 14 ሺሕ በላይ ሰዎች ስንቶቻችን በእነዚያ ሁለት ድልድዮች ላይ እንዳለፍን እናንተው ታውቃላችሁ።

ሁለቱም ድልድዮች ዛሬ አዲስ ተተኪ አላቸው። በአባይ በረሃ በጃፓን ርዳታ የተሠራው ባለ ገመድ ድልድይ በ2008 ከአሮጌው ጎን ቆሟል። ባሕር ዳር ላይም 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲስ ድልድይ በሜይ 2024 ተመርቋል። አሮጌ ድልድይ መተካቱ የማይቀር ነገር ነው። ሰው ይበዛል፣ መኪናው ይከብዳል፣ ብረቱ ይዝጋል፣ ጎርፉ የምሰሶውን ሥር ይበላል። ስለዚህ «ይተካ ወይስ አይተካ?» ብለን አንከራከርም። የእኛ ጥያቄ «ሲተካ ማን ተጠይቆ ነው?» የሚል ነው።

አያታችንና የፈረሰችው ድልድይ

አንድ ነገር ከቤታችን እናጫውታችሁ። በ1990ዎቹ ከካራቫን ወጥተን በአንዲት የደቡብ ከተማ በማሽካንታ ቤት ተገዝቶልን እንኖር ነበር። ከሰፈራችን በታች በበጋ የሚደርቅ ጅረት፣ በላዩም ጠባብ አሮጌ ድልድይ ነበረች። አያታችን ወደ ኩፓት ሖሊም የሚሄዱት፣ ከገበያም የሚመለሱት በእርሷ ላይ ነበር።

አንድ ቀን በሕንጻው መግቢያ ላይ ወረቀት ተለጠፈ። አባታችን እንድናነብላቸው ጠሩን። ዐሥራ ስድስት ዓመት ቢሆነን ነው። ፊደሉን እናነባለን፤ ቋንቋው ግን የመሐንዲስና የጠበቃ ዕብራይስጥ ነበር። «መንገዱን ሊያሰፉ ነው፤ ድልድዩንም ሊቀይሩት ነው» አልናቸው። «እሰይ፣ ደግ ነው፤ መንግሥት ያውቃል» አሉ። ወረቀቱ ላይ የሁለት ወር ቀጠሮ ተጽፎ ነበር። የምን ቀጠሮ እንደሆነ እኛም አላወቅንም፤ እርሳቸውም አልጠየቁንም።

ከሁለት ዓመት በኋላ አሮጌዋ ድልድይ ፈረሰች። አዲሱ ድልድይ ሰፊና ያማረ ነበር። የእግረኛ መሄጃው ግን በወዲያኛው ጎን ብቻ ነበር የተሠራው፤ ወደ ሰፈራችን ይወርድ የነበረውም ደረጃ ቀረ። አያታችን በፊት በአምስት ደቂቃ የሚደርሱበትን ቦታ ግማሽ ሰዓት ዞረው ይሄዱ ጀመር። ሁለት ክረምት በዚህ ዓይነት ሄዱ። በሦስተኛው ክረምት መውጣቱን ተዉት።

አቤት ለማለት ወደ አንድ ቢሮ ሄድን። የተቀበለችን ሠራተኛ ክፉ ሰው አልነበረችም። ካርታውን ዘርግታ አሳየችን፣ የምንለውን ሁሉ ሰማች፣ በመጨረሻም «ትክክል ናችሁ። ግን ያን ጊዜ የት ነበራችሁ?» አለችን። መልስ አልነበረንም። የዛሬው ንግግር ርእስ የእርሷ ጥያቄ ነው። እስከ ዛሬ ድረስ ከጆሯችን አልወጣም።

በሩ የሚከፈተው እንዴት ነው?

የዚህ አገር የዕቅድና የግንባታ ሕግ የወጣው በ1965 ነው። ሥልጣኑ በሦስት ደረጃ ተከፍሏል፤ በከተማ «ቫዓዳ ሜቆሚት»፣ በአውራጃ «ቫዓዳ ሜሖዚት»፣ በአገር ደረጃ ደግሞ ብሔራዊው የዕቅድ ምክር ቤት። አሽቀሎን በደቡብ አውራጃ ውስጥ ስለሆነች የእኛ የአውራጃ ኮሚቴ መቀመጫው ቤር ሼባ ነው። ከ2002 ጀምሮ ለትልልቅ የመንገድ፣ የባቡርና የኤሌክትሪክ ሥራዎች የተለየ ብሔራዊ የመሠረተ ልማት ኮሚቴ ተቋቁሟል።

አንድ ዕቅድ ተዘጋጅቶ ለኮሚቴ ሲቀርብ ወዲያው አይጸድቅም። በመጀመሪያ «ሃፍቃዳ» ይደረጋል፤ ይኸውም ሕዝብ አይቶ አስተያየቱን እንዲሰጥበት ይቀመጣል። በጋዜጣ ይታወጃል፣ በሰፈሩ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ከዚያ ቆጠራው ይጀመራል። በከተማና በአውራጃ ደረጃ ላሉ ዕቅዶች ጊዜው 60 ቀን ነው። ለሌሎቹ ደግሞ ቀነ ገደቡ በማስታወቂያው ላይ ስለሚጻፍ ማንበብ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ «በዚህ ዕቅድ እጎዳለሁ» የሚል ባለጉዳይ «ሂትናግዱት» ማለትም መቃወሚያ ማቅረብ ይችላል።

መቃወሚያው ሦስት ነገር ማሟላት አለበት። በጽሑፍ መሆን አለበት። ምክንያቱ ተዘርዝሮ መቅረብ አለበት። የተጻፈው ነገር እውነት መሆኑን የሚያረጋግጥ «ታጽሂር»፣ ማለት የቃል ማረጋገጫ፣ አብሮት መያያዝ አለበት። ይህን ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም። ደብዳቤው መልካም ሆኖ ሳለ ታጽሂር ስለጎደለው ብቻ ወደ ጎን ሊደረግ ይችላል።

ቋንቋውን በሚመለከት፣ ሕጉ ማስታወቂያው በዕብራይስጥ ጋዜጦች እንዲወጣ፣ ዐረብኛ ተናጋሪዎች ባሉበት አካባቢም በዐረብኛ ጋዜጣ እንዲታተም ያዛል። አማርኛን ግን አይጠቅስም። ስለዚህ ማስታወቂያው ወደ እናቶቻችን ጆሮ እንዲደርስ ከተፈለገ የሚያደርሰው ሌላ ማንም ሳይሆን ይህ ጋዜጣችንና እናንተ ልጆቻቸው ናችሁ።

ሁለት ነገር እንጨምር። አንደኛው፣ የመንገድ ሥራ ዝርዝር ዕቅዱ አንድ ጊዜ ከጸደቀ በኋላ ብዙውን ጊዜ እንደ ቤት ግንባታ ሌላ ፈቃድ አይጠየቅበትም። «ገና ፈቃድ ይጠይቃሉ፤ ያን ጊዜ እንናገራለን» ብሎ የተቀመጠ ሰው በሩ ከተዘጋ በኋላ ይደርሳል። ሁለተኛው፣ ቤቱ የራሱ የሆነ ሰው በጸደቀ ዕቅድ ምክንያት የቤቱ ዋጋ ከወረደ፣ በሕጉ አንቀጽ 197 መሠረትና ሕጉ በሚያስቀምጣቸው ሁኔታዎች፣ ዕቅዱ ከጸናበት ቀን ጀምሮ በሦስት ዓመት ውስጥ ካሣ መጠየቅ ይችላል። ሠላሳ ዓመት ማሽካንታ የምንከፍልበት ቤት ሀብታችን ሁሉ ስለሆነ ይህን አንቀጽ ቁጥሩን ጭምር አስታውሱት።

ታስኪር የሚባለው ሰነድ

ሥራው ትልቅ ሲሆንና አካባቢን የሚነካ ሲሆን «ታስኪር» ይጠየቃል። ታስኪር ማለት ሥራው በውሃ፣ በአየር፣ በድምፅ፣ በእንስሳትና በሰው ኑሮ ላይ የሚያመጣው ነገር አስቀድሞ የሚመረመርበት ሰነድ ነው። ይህ አሠራር በዓለም የተስፋፋው በጃንዋሪ 1 ቀን 1970 በአሜሪካ ከተፈረመው ሕግ ወዲህ ነው። እዚህ አገር ደንቡ በ1982 ወጣ፣ በ2003 ደግሞ በአዲስ ተተካ። በኢትዮጵያም በ2002 አዋጅ ቁጥር 299 ይህንኑ አሠራር በሕግ አቁሟል።

የዚህ አገር ታስኪር አምስት ምዕራፎች አሉት። አንደኛው አካባቢው አሁን ምን እንደሚመስል ይገልጻል። ሁለተኛው ሌላ ምን አማራጭ እንደነበረና ለምን እንደተተወ ይናገራል። ሦስተኛው ምን እንደሚሠራ፣ አራተኛው ሥራው ምን ጉዳት እንደሚያስከትልና በምን እንደሚከላከሉት፣ አምስተኛው ደግሞ በዕቅዱ ውስጥ መግባት ያለባቸውን ግዴታዎች ይዘረዝራል። ጊዜ የሌለው ሰው ሁለተኛውንና አምስተኛውን ያንብብ። በሁለተኛው ምዕራፍ «በዚያኛው በኩል ቢሆንስ?» የሚለው ጥያቄ ተጠይቆ እንደሆነ ይታያል። በአምስተኛው ያልተጻፈ ተስፋ ደግሞ የቃል ተስፋ ብቻ ነው።

ሰነዱን የሚያዘጋጁት የሥራው ባለቤት በራሱ ገንዘብ የሚቀጥራቸው ባለሙያዎች ናቸው። የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስቴር ደግሞ ምን መመርመር እንዳለበት መመሪያ ያዘጋጃል፤ ሰነዱ ሲመጣም አይቶ አስተያየቱን ለኮሚቴው ያቀርባል። ይህ ደግ አሠራር ነው፤ ባለሙያዎቹንም አንጠረጥርም። ነገር ግን ሌላ ዓይን ያስፈልጋል። መሐንዲሱ የወንዙን ስፋት ይለካል። አንዲት የሰባ ዓመት እናት ከባድ ዘንቢል ይዘው በየት በኩል እንደሚሻገሩ ግን ካልነገርነው ከየት ያውቃል?

ድልድይ ሲተካ ምን እንጠይቅ?

በመጀመሪያ ስለ ውሃው እንጠይቅ። አዲሱ ድልድይ ምን ያህል ጎርፍ ያሳልፋል? ሰነዶቹ «የመቶ ዓመት ጎርፍ» ይላሉ። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «እንግዲያው በልጅ ልጆቻችን ዘመን ነው» ይላል፤ ስሕተት ነው። በየዓመቱ ከመቶ አንድ ዕድል ያለው ጎርፍ ማለት ነው። ሠላሳ ዓመት ማሽካንታ በምንከፍልበት ጊዜ ውስጥ ቢያንስ አንዴ የመምጣቱ ዕድል ሲሰላ ከመቶ 26 ይሆናል፤ ከአራት አንድ ያህል ነው። ድልድዩ ሰፍቶ ውሃው ከእርሱ በታች ቢጠብብስ? ከላይ ያለው ሰፈር ውሃ ይተኛበታል፤ ከታች ያለው ደግሞ ድንገት ይመጣበታል። ቅድም የጠቀስነው የአያሎን አውራ ጎዳና ስሙን ያገኘው ከወንዝ ነው፤ ወንዙም በሲሚንቶ ቦይ ውስጥ ሆኖ በመካከሉ ያልፋል። በጃንዋሪ 2013 ወንዙ ሞልቶ አውራ ጎዳናውን ዘግቶታል። እኛ ከዘጋነው ሁለት ዓመት ቀድሞ ማለት ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ሥራው ወቅት ነው። ምሰሶ ለመትከል ወንዙ ውስጥ አፈር ይደለደላል፤ ያ አፈር ክረምት ሳይገባ ይነሣል ወይ? የአሮጌው ድልድይ ፍርስራሽ የት ይጣላል? የሲሚንቶ ማጠቢያው ውሃ ወደ ጅረቱ እንዳይገባ ማን ይቆጣጠራል?

ሦስተኛው ስለ እግረኛው ነው። መሄጃው በሁለቱም ጎን ነው ወይ? ጋሪ የምትገፋ እናት፣ ከዘራ የያዘ ሽማግሌ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ያለ ሰው ይወጣበታል ወይ? መብራት አለው ወይ? የአውቶቡስ ማቆሚያው ወዴት ይዛወራል? ሥራው እስኪያልቅስ ልጆች ትምህርት ቤት በየት ይሄዳሉ?

አራተኛው ስለ ድምፅና አቧራ ነው። የሌሊት ሥራ አለ ወይ? የድምፅ መከላከያው ግንብ የሚጀምረው የት ነው፣ የሚያልቀውስ የት ነው? በካርታው ላይ ጣታችሁን አድርጋችሁ ተከተሉት፤ ከሕንጻችሁ በፊት ካለቀ ጻፉት።

አምስተኛው ከእኛ በፊት ስለነበረውና ስለማይናገረው ነው። በ1978 የወጣው የቅርስ ሕግ ከመሬት በታች ያለውን ጥንታዊ ነገር ይጠብቃል፤ የአሽቀሎን መሬት ደግሞ በየቦታው ጥንታዊ ነው። ዛፎቹና በድልድዩ ሥር የሚያልፉት አራዊት ግን ጠበቃ መቅጠር አይችሉም።

ምርመራ ሲጎድል የሆነው

«ይህ ሁሉ ወረቀት ለምን? ድልድይ ሠርቶ መሻገር አይሻልም ወይ?» የሚል ሰው ያርቆንን ያስታውስ። በጁላይ 14 ቀን 1997 የ15ኛው የመካቢያ ጨዋታ መክፈቻ ዕለት፣ በራማት ጋን ስታዲየም አጠገብ በያርቆን ወንዝ ላይ ለእግረኛ የተሠራው ጊዜያዊ ድልድይ የአውስትራሊያ ልዑካን ሲሻገሩበት ተሰበረ። አራት ሰዎች ሞቱ፣ በርካታዎችም ተጎዱ። አስቡ፤ ከአራቱ ሦስቱን የገደላቸው ውድቀቱ ራሱ አልነበረም። ከወደቁ በኋላ ከተበከለው ወንዝ የያዛቸው ሕመም ነው። ሥራው የድልድይ ሥራ ፈቃድ በሌለው ተቋራጭ እጅ ገብቶ እንደነበር በምርመራው ተገለጠ፤ በ2000 ፍርድ ቤት አምስት ሰዎችን ጥፋተኛ አለ።

ወንዙ የታመመ መሆኑ ምስጢር አልነበረም፤ እርሱን የሚያድን ባለሥልጣን በ1988 ተቋቁሞ ነበር። እንግዲህ በዚያ ምሽት ሁለት የተረሱ ነገሮች ተገናኙ፤ በደንብ ያልተመረመረ ድልድይና ያልዳነ ወንዝ። ድልድዩን ከወንዙ ለይቶ መመርመር ለምን እንደማይቻል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለንም። የሞቱት ደግሞ ከባሕር ማዶ በደስታ የመጡ አይሁድ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ነበሩ።

ከሌላ አገርም አንድ እንጨምር። በማርች 26 ቀን 2024 ሌሊት በአሜሪካ በባልቲሞር ከተማ አንድ ግዙፍ መርከብ ትልቁን ድልድይ መትቶ ጣለው። በድልድዩ ላይ አስፋልት ሲጠግኑ የነበሩ ስድስት ሠራተኞች ሞቱ። ሁሉም ከላቲን አሜሪካ አገሮች ለእንጀራ የመጡ ስደተኞች ነበሩ። ሌሎች ተኝተው ሳለ መንገዱን የሚጠግነው ማን እንደሆነ እኛ ለማንም መንገር አያስፈልገንም። አዲሱ ድልድይ በቀድሞው ቦታ ስለሚሠራ የአካባቢ ምርመራው እንዲያጥር ተፈቀደ። ይህ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ምርመራ ከነገሩ ጋር መመጣጠን አለበት። እዚህም «ነባር መንገድ ስለሆነ ሙሉ ታስኪር አያስፈልገውም» ስትባሉ አትቆጡ። «በምትኩስ ምን ተመረመረ? ወረቀቱን አሳዩን» በሉ።

ሦስቱ መልሶቻችን

ወደ ስብሰባ ኑ ስንላችሁ ሦስት መልስ እንሰማለን።

የመጀመሪያው «መንግሥት ያውቃል» የሚል ነው። ይህ የጨዋ ሰው መልስ ነው፤ ባለሥልጣንን ማክበር፣ ሳይጠየቁ አለመናገር ያደግንበት ነው። ዝም አይነቅዝም ይላሉ አባቶቻችን። በዚህ ጉዳይ ግን ዝምታ ይነቅዛል፤ 60 ቀን ከሞላው በኋላ ዋጋ የለውም። ደግሞም ሕጉ ራሱ ተናገሩ ብሎ እየጠራን ነው። ተጠርቶ ዝም ማለት ጨዋነት አይባልም።

ሁለተኛው «ዕብራይስጣችን አይበቃም» የሚል ነው። መቃወሚያ ግጥም አይደለም። «እኔ በዚህ ሕንጻ እኖራለሁ፤ ዝናብ ሲዘንብ ውሃው እዚህ ደረጃ ድረስ ይደርሳል፤ ፎቶግራፉ ይኸው» ማለት ነው። ይህን የሚያውቀው ፕሮፌሰር ሳይሆን ነዋሪው ነው። አስተካክለው የሚጽፉ ልጆች አሉን። ልጅ ግን ለብቻው አስተርጓሚ አይሁን። እኛ በዐሥራ ስድስት ዓመታችን ያንን ወረቀት ተርጉመን አያታችንን መንገድ ያሳጣናቸው ሰዎች ነን። ልጁ ያንብብ፤ ትልቁ ሰው ይጠይቅ፤ ያልገባቸውን አብረው ሄደው ይጠይቁ።

ሦስተኛው «ማን ይሰማናል?» የሚል ነው። ይህን የሚሉ ሰዎች ምክንያት አላቸው፤ ብዙ ጊዜ አልተሰማንም። በዚህችው በአሽቀሎን የሆነውን ግን አስታውሱ። በባርዚላይ ሆስፒታል ከሮኬት የሚከላከል የድንገተኛ ሕክምና ክፍል ሊሠራ ሲል ጥንታዊ መቃብር ተገኘ። መቃብሩ አይነካ ያሉ ወገኖች ተናገሩና መንግሥት በ2010 ክፍሉ ወደ ሌላ ቦታ ይዛወር ብሎ ወሰነ። ሐኪሞችና ሌላው ሕዝብ ደግሞ ተናገሩና ውሳኔው ተለወጠ። የማን ሐሳብ ትክክል እንደነበር ለመፍረድ አልመጣንም። ሁለቱም ወገኖች የተሰሙት በጊዜው ስለተናገሩ ነው እንላለን።

አናታልላችሁም፤ መቃወሚያ ሁሉ አይረታም። አንዳንዴ ኮሚቴው አድምጦ «አይሆንም» ይላል። ነገር ግን የተጻፈ ነገር መዝገብ ውስጥ ይቀራል። ብዙ ጊዜ የምንለምነው ደግሞ ድልድዩ እንዲቀር አይደለም፤ አንድ ደረጃ፣ አንድ መብራት፣ ሃምሳ ሜትር ግንብ ነው። ይህ በወረቀት ላይ ሳለ በእርሳስ ይስተካከላል። ሲሚንቶ ከፈሰሰ በኋላ ግን ማን ያፈርሰዋል? ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

ዛሬ የምንስማማበት

ስለዚህ ከመለያየታችን በፊት ይህን እንድንስማማ እንለምናችኋለን። በእያንዳንዱ ሕንጻ መግቢያ አንድ ወጣትና አንድ ትልቅ ሰው ይመረጡ። የተለጠፈ ወረቀት ባዩ ቁጥር ፎቶግራፍ ያንሡት፤ ያዩበትን ቀንና የቀነ ገደቡን ቀን በትልቁ ይጻፉ። የዕቅዱ ሰነዶች ዛሬ በኢንተርኔት ስለሚገኙ የዕቅዱን ቁጥር ይዞ መፈለግ ይቻላል። በመጀመሪያው ሳምንት ጎረቤት ይሰብሰብ፤ በሁለተኛው ይጻፍ፤ የመጨረሻው ቀን አይጠበቅ። ኮሚቴ ፊት ለመናገር ሲጠሩ ብቻችሁን አትሂዱ፤ ሽማግሌ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሽማግሌውም በአማርኛ ይናገሩ፣ ልጃቸው ይተርጉም። መሐንዲስነት፣ ሕግ፣ የከተማ ዕቅድ የምትማሩ ልጆቻችን ደግሞ ሞያችሁን ስትይዙ ይህን ሰፈር አትርሱት። በጠረጴዛው ወዲያኛው ጎን የሚቀመጥ የእኛ ሰው ያስፈልገናል።

ባቡሩ ሊደርስ ነው። ይህ ጣቢያ በ2005 ሲከፈት የተሠራበትን ዕቅድ ከእኛ መካከል ያነበበ ሰው አናውቅም። የሚቀጥለውን ግን እናነባለን።

አሁን የምንሄድበት ቦታ ስሙ ዓድ ሃሎም ነው፤ «እስከዚህ ድረስ» ማለት ነው። በ1948 ጦርነት በላኪሽ ወንዝ ላይ የነበረው ድልድይ ፈርሶ ስለነበር፣ ወደ ሰሜን ይገሠግሥ የነበረው የግብጽ ጦር ከዚያ አላለፈም። እዚያ ቆመን ውሃውን ስናይ፣ ልጆቻችሁ «ይህ ድልድይ ሲሠራ ማን ተጠየቀ?» ብለው ይጠይቋችሁ። እናንተም እያንዳንዳችሁ በየቤታችሁ አጠገብ ያለውን ድልድይ፣ መንገድና ቦይ አስቡና ያንኑ ጥያቄ ለራሳችሁ ጠይቁ። «ያን ጊዜ የት ነበራችሁ?» ለሚለን ሰው ከእንግዲህ መልስ ይኑረን፤ «እዚያው ነበርን፤ ጽፈናል፤ ስማችንም በመዝገቡ ላይ አለ» እንበል። ዝምታችን እስከዚህ ድረስ ይበቃል።

 ትኬታችሁን አዘጋጁ፤ ሽማግሌዎቹን አስቀድማችሁ አሳፍሩ። መልካም መንገድ፤ ሻባት ሻሎም።